የጄቲ ቴሬኳ ማኅተም ያዥ

ጄቲ ቴሬክ በምትባለው የተራራ መንደር በዙራካን እጅ ሳያልፍ የተወለደ፣ የተዳረ፣ የሞተ ሰው የለም። የመንደሩ አስተዳደር ጸሐፊ ናት። ልጅ ሲወለድ ስሙን የምትመዘግበው፣ በግ ለገበያ ሲነዳ የጤና ወረቀቱን የምታትመው፣ ሽማግሌ ሲያርፍ የሞት ምስክር የምትጽፈው እሷ ናት። ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ትታው ሄዳ አታውቅም። በቀይ ከረጢት ከትታ፣ ባንገቷ አንጠልጥላ፣ ከሹራቧ ሥር ትይዘዋለች። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት፣ "መሳቢያ ቁልፍ አለው፤ ቁልፍ ደግሞ ዘመድ አዝማድ አለው" ትላለች። መንደርተኛውም ስሟን ትቶ "ማኅተሟ" ይላት ጀመር።

አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ጉንጮቿን የተራራ ነፋስ ያቀላቸው የሃምሳ አምስት ዓመት ሴት ናት። ስትራመድ ትፈጥናለች፣ ስትናገር ትዘገያለች። ሰው ሲዋሻት አትቆጣም፤ ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። አንድ ጊዜ ሙራታሊ የሚባል ባለ ብዙ በግ ሰው ለግጦሽ ግብር ሊመዘገብ መጥቶ "ሰማንያ በግ አለኝ" አላት። ብዕሯን አስቀመጠች። ሙራታሊ ተቁነጠነጠ። "እሺ፣ መቶ አሥር ይሆናሉ።" ዙራካን ደመናውን ታያለች። "መቶ ሠላሳ! አላህን፣ ከዚህ በላይ አንዲት ጠቦት የለኝም!" ያን ጊዜ ብዕሯን አንስታ ጻፈች።

እንዲህ ያለችው ሴት በሃያ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ አንድ ነገር ስታደርግ ታይታ አታውቅም ነበር፤ መንግሥትን ስታመሰግን። ከላይ የሚመጣውን ወረቀት ትቀበላለች፣ ትመዘግባለች፣ ታስቀምጣለች። በቃ። ስለዚህ በአንዱ መስከረም ማለቂያ፣ ከብቱ ከላይኛው ግጦሽ ወርዶ ባበቃበት ሳምንት፣ ሦስት ገጽ ወረቀት ይዛ ወደ መንደሩ ኃላፊ ወደ ኩባን ክፍል ገብታ "ደስ የሚል ነገር መጥቷል" ስትል፣ ኩባን ሻዩን አስቀመጠ።

ኩባን በሙያው የከብት ሐኪም ነው። የታመመች ላም ምን እንደሆነች ከሩቅ ያውቃል፤ ወረቀት ሲያይ ግን ራሱን ያመዋል። "ኤጄ፣ አሳጥረው ይንገሩኝ" አላት። በዚያ አገር ታላቅ እህትን የሚጠሩት ኤጄ እያሉ ነው።

"ሦስት ነገር ነው" አለች። "አንደኛ፣ የመንደሩ በጀት ከመጽደቁ በፊት በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ ከሱም ላይ አንድ ድርሻ ሕዝቡ በመረጠው ሥራ ላይ ይውላል። ሁለተኛ፣ ልጅ የተወለደለት ወይም ቤተሰብ የታመመበት ሠራተኛ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ደመወዙም ቦታውም ሳይነካ ፈቃድ ይወጣል። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ መንደር ለገዛ ባህሉ፣ ለእጅ ሥራው፣ ለዘፈኑ፣ ለጨዋታው የሚሆን ይመደብለታል።"

"ደግ ነው። ሰሌዳው ላይ ይለጥፉት።"

"ሰሌዳው ላይ?"

"'ለሕዝብ ይገለጽ' ይል የለ? ሰሌዳውን ሕዝብ ያየዋል።"

"ኩባን፣ ባለፈው ዓመት ሰሌዳችንን ያየችው የሻርሼን ፍየል ብቻ ናት። እሷም ማስታወቂያውን በላችው።"

ኩባን ሳቁን ዋጠ። "ታዲያ ምን ይሁን?"

"ቤት ለቤት ዞሬ እናገራለሁ።"

"መቶ አርባ ቤት እኮ ነው!"

"አውቃለሁ። የመዘገብኳቸው እኔ ነኝ።"

ወጥታ በኮሪደሩ ጫፍ ብርሃን ባለበት ቆመች፤ መነጽሯን አድርጋ ሁለተኛውን አንቀጽ እንደገና አነበበች። "ሴትም ሆነ ወንድ" የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችበትና ብዙ ጊዜ ቆየች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የጋራ እርሻው ፈርሶ፣ ላሙም ማረሻውም ተከፋፍሎ፣ ደመወዝ ያለው ሰው እንደ ባለጸጋ የሚታይበት ዘመን ነበር። ዙራካን ያኔም ጸሐፊ፣ ባሏ ቶክቶራሊ የበረዶ ጠራጊው ትራክተር ሾፌር። ሁለተኛ ልጃቸው ቤክቱር በአምስተኛ ወሩ፣ በጥር ብርድ፣ ሳል ያዘው። የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቀች። የያኔው ኃላፊ "የዓመቱ ሪፖርት ነገ ካልደረሰ፣ ወንበርሽን የሚሹ አምስት ሴቶች ደጅ ቆመዋል" አላት። ቶክቶራሊም ሄዶ ጠየቀ። ኃላፊው በሰው ፊት ከት ብሎ ሳቀ። "ምነው ቶክቶራሊ፣ ልታጠባው ነው?" እዚያ የነበረው ሁሉ አብሮ ሳቀ። ቶክቶራሊ ባርኔጣውን አጥልቆ ወደ በረዶው ሄደ።

ሕፃኑን ለጎረቤት ትተውት ሥራ ገቡ። በሁለተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጎረቤቲቱ ነጠላ ጫማ ብቻ ተጫምታ በበረዶው ላይ እየሮጠች ቢሮ ደረሰች። ዙራካን የሪፖርቱ ዐሥራ ሁለተኛ ገጽ ላይ ነበረች። ቤት ስትደርስ ልጁ አልቆለት ነበር። የሞት ምስክሩንም የጻፈችው እሷ ናት፤ ሌላ ጸሐፊ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ የዚያን ሳምንት ነገር በቤታቸው አንስተው አያውቁም። የልጁን ስምም አይጠሩም።

እንግዲህ ያን ወረቀት ይዛ የወጣችው ይህን በሆዷ ይዛ ነው።

ቤት ለቤቱ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ጠዋት ቢሮ ትከፍታለች፣ ከምሳ በኋላ ቦቲዋን አጥልቃ ትወጣለች። በየቤቱ ሻይ በወተት አለ፣ በየቤቱ ቦርሶክ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ሊጥ አለ፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። "በጀቱ ሳይነበብ እኔ ልፈነዳ ነው" ትለው ነበር ቶክቶራሊን። እሱ ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም፤ ከድሮም ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው።

በአራተኛው ቀን ሻርሼን ቤት ደረሰች። ሻርሼን ሰባ አራት ዓመቱ ነው። የሱፍ ድንኳን የሚቆምበትን የእንጨት አጥንት፣ ጎባጣውን ምሰሶና የጣሪያውን አክሊል፣ የሚሠራ ሰው በሸለቆው የቀረው እሱ ብቻ ነው። ገዢ ስለጠፋ አሁን የአካፋ እጀታ ይጠርባል። ገና ከበሩ ሲያያት፣

"ማኅተሟ! ምን አመጣሽ? ሞቼ ሳልሰማ ቀረሁ እንዴ?" አለ።

"ገና ነዎት፣ ባይኬ" አለችው፤ ታላቅ ወንድሜ ማለቷ ነው። "ወረፋ ላይ ነዎት።"

ሻርሼን እስኪያስለው ሳቀ። ወረቀቱን አነበበችለት። ስታበቃ የእንጨት ፍቅፋቂውን ከጉልበቱ ላይ አራገፈ።

"ስንቱን ወረቀት አየሁ፣ ልጄ። ላም አለኝ በሰማይ ነው።"

"መጥተው ይስሙ። ላሟ ካልወረደች ያኔ ይሳቁብኝ።"

"ባህል ትላላችሁ ደግሞ። ልጆቹ ሞስኮ ታክሲ እየነዱ ነው። ማንን ላስተምር? ፍየሌን?"

"ፍየልዎ እንኳ ንባብ ትወዳለች፤ ተስፋ አላት።"

በሳቅ ተለያዩ። "አልመጣም" ሳይል መቅረቱን ግን ዙራካን ልብ ብላለች።

ስብሰባው የተደረገው በጥቅምት፣ ዓርብ ከጸሎት በኋላ፣ ድሮ ፊልም ይታይበት በነበረው አዳራሽ ነው። ከሁለት መቶ ሰው በላይ መጣ። ወንበር አልበቃ ብሎ ወንዱ በግድግዳው ጥግ ቆመ። ሻርሼን ኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ለመሸሽ እንደተዘጋጀ ሰው ተቀመጠ። ኩባን ክራቫቱን አስተካክሎ ማንበብ ጀመረ። "ምዕራፍ ሁለት፣ አንቀጽ ሃያ ሁለት፣ ንዑስ አንቀጽ ሐ፣ የካፒታል ያልሆኑ መደበኛ ወጪዎች..."

ሰይልካን የሚሏቸው የሰማንያ አንድ ዓመት አሮጊት ከፊተኛው ረድፍ ምርኩዛቸውን አነሡ። "ልጄ ኩባን፣ በጀት እያነበብክ ነው ወይስ ጋኔን እያስወጣህ?"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ኩባን ጆሮው ድረስ ቀላና ወረቀቱን ለዙራካን አቀበላት። እሷም ተነሥታ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሽቅብ ገፍታ፣ ከጎረቤቷ ጋር እንደምታወራ ሆና ጀመረች። "ይሄ ለትምህርት ቤቱ ከሰል ነው። ይሄ ለመንገዱ አሸዋ። ይሄ ለበረዶ ጠራጊው ናፍጣ። ይሄ የዘበኛው ደመወዝ ነው፤ ትንሽ ነው፣ እሱም ያውቃል። ይሄ ደግሞ ልዩ ልዩ ወጪ።"

"ቆይ!" አሉ ሰይልካን። "ይሄ ልዩ ልዩ የሚባለው ሰውዬ ማነው? በየዓመቱ ይበላል አሉ፤ መንደሩ ውስጥ ግን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።"

ኩባን እናቴ እንደማለት አፓ እያለ ሊያስረዳ ተነሣ። "አፓ፣ ሰው አይደለም። የመኪና ጎማ አለ፣ የእንግዳ መቀበያ አለ፣ ከላይ ሰው ሲመጣ በግ ይታረዳል..."

"ሥጋውን እንግዳ በላው እንበል። አጥንቱስ? አጥንቱ ለመንደሩ አይደርስም?"

ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ነገሩ ግን በሳቅ አላበቃም። ልዩ ልዩ የተባለው ሁሉ ከዚያ በኋላ በየስሙ ተዘርዝሮ እንዲጻፍ እጅ ተነሥቶ ተወሰነ። ቀጥሎ ዙራካን ወደሚቀጥለው መስመር ሄደች።

"የኳስ ሜዳው አጥር እድሳት" ብላ አነበበች።

"የቱ አጥር?" አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ዙራካን መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። "አጥር የለም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በዚያ በክፉው ክረምት፣ ለማገዶ ፈርሷል፤ ሁላችንም ሞቀነዋል። እኔ ግን በየዓመቱ ያለፈውን በጀት ስገለብጥ ይህችንም መስመር አብሬ እገለብጣለሁ። ገንዘቡ የማንም ኪስ አልገባም፣ ለቢሮው መኪና ናፍጣ ነው የሚውለው። ቢሆንም ውሸት ነው። የጻፈው እጅ ይሄ ነው።" ቀኝ እጇን ከፍ አደረገች። "ጥፋቱ የኔ ነው።"

ከዚያ ሙራታሊ፣ ያ ባለ በጉ፣ ከመካከል ብድግ አለ። "የኔን ጠቦት አንድ በአንድ ስታስቆጥሪኝ የራስሽን አጥር ረሳሽው?"

"እውነትህን ነው" አለች ዙራካን። "ካሣ ከፈለግህ ዘንድሮ ስትዋሽ ወደ መስኮት አላይም።"

ሙራታሊ ራሱ ሳቀ። ሰይልካንም ምርኩዛቸውን መሬት መትተው ተናገሩ። "ጥፋቴ ነው የሚል ባለሥልጣን ሳላይ እሞታለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ አየሁ። ግን ማኅተሟ፣ እንዳትቸኩዪ፤ ገና አልሞትኩም!"

ከዚያ በኋላ ሁሉም አፍ አወጣ። ወጣቶቹ የትግል ምንጣፍ አሉ፤ የላይኛው ሰፈር ሴቶች የውኃ ቧንቧ አሉ፤ አንዱ ለመስጊዱ ምድጃ አለ፤ ሌላው ለፈረስ መሮጫ ሜዳ አለ። ጩኸት፣ ሳቅ፣ ቁጣ። ፀሐይ ከምዕራቡ ተራራ ስታዘቀዝቅ በእጅ ብልጫ ሁለት ነገር ተመረጠ። የሕዝቡ ድርሻ ለላይኛው ሰፈር ቧንቧ ይሁን። የባህሉ ድርሻ ከሌለው አጥር ገንዘብ ጋር ተደምሮ፣ ጣሪያው የተገነጠለው አሮጌ የሱፍ ጎተራ ይጠገንበት፤ ውስጡም የሱፍ ምንጣፍና የድንኳን ሥራ ትምህርት ይሰጥበት።

"ማን ያስተምራል?" ሲባል አንገት ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ሻርሼን ለመሸሽ ጊዜ አላገኘም።

"ማን ይማርና!" አለ በግድግዳው ተጣብቆ።

ሦስት እጅ ተነሣ። ሁለቱ የሴት ናቸው፤ አንደኛዋ ጉልዳና የምትባል በቅርብ የተዳረች ሙሽራ ናት። ሻርሼን ዓይኑን አጉረጠረጠ። "ሴት አኻያ ታጎብጣለች እንዴ?"

"አንተ ሻርሼን" አሉ ሰይልካን፣ "ባሏን የምታጎብጥ ሴት አኻያ ያቅታታል?"

የዚያን ቀን ሳቅ እስከ ወንዙ ማዶ ተሰማ ይባላል።

ሁሉ ነገር ከዚያ አልጋ በአልጋ አልሆነም። ገንዘቡ ዘግይቶ መጣ፤ ቧንቧው በመጀመሪያው ውርጭ ፈንድቶ እንደገና ተቀበረ። በደንቡ ላይ በወረቀት ከሰፈሩት ሦስት ነገሮች ሰው ለመቀበል እጅግ የከበደው ግን ሁለተኛው ነበር።

በጥር የትራክተሩ ሾፌር የኢልቺቤክ ሚስት መንታ ወለደች። ብዙ ደም ስለፈሰሳት፣ ሐኪሙ አርባ ቀን ሙሉ ውኃ እንኳ እንዳታነሣ አዘዘ። የሱ እናት ሞተዋል፤ የሷ እናት ሁለት ተራራ ማዶ ናቸው። ኢልቺቤክ ባርኔጣውን በእጁ እያሸ ወደ ዙራካን መጣ።

"ኤጄ፣ ግማሽ ቀን ብትፈቅዱልኝ..."

"ግማሽ ቀን ምን ይሠራልሃል?" አለችና ማመልከቻውን ራሷ ጽፋ፣ ኩባንን አስፈርማ፣ ማኅተሙን ከከረጢቱ አውጥታ አተመችበት። "አርባ ቀን። ሕግ ነው፤ ስጦታ አይደለም። ሂድ።"

በማግስቱ ጠዋት ተመልሶ መጣ። ፊቱ እንደ ፍም ቀልቷል። ትናንት ሱቅ ሲሄድ ወንዶቹ ተቀባበሉት፤ አንዱ "ጡት አበቀልክ አሉ!" ይለዋል፤ ሌላው "ሻሽ ልግዛልህ?" ይለዋል። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። "ይቅደዱት። ሥራ እገባለሁ። ለሕፃናቱ ጎረቤት እለምናለሁ።"

ዙራካን ተነሥታ በሩን ዘጋች። "ተቀመጥ" አለችው። ከዚያ ለሃያ ስድስት ዓመት ለማንም ያልተናገረችውን ነገረችው፤ ሳሉን፣ ሪፖርቱን፣ ያንን ሳቅ፣ በበረዶ ላይ የሮጠችውን ጎረቤት። አላለቀሰችም። ድምፅዋም ከፍ አላለም። ስትጨርስ ወረቀቱን አንስታ ወደሱ ገፋ አደረገችው።

"እኔ ይህን ወረቀት ያኔ ባገኝ ኖሮ እንደ ክታብ ባንገቴ አስረው ነበር። አንተ አግኝተህ ልትቀድ ነው?"

ኢልቺቤክ ወረቀቱን አራት አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና "አላህ ይስጥልኝ ኤጄ" ብሎ ወጣ።

ታዲያ በረዶውን ማን ይጥረግ? ዙራካን ወደ ኩባን ገባች። "ወጣት ሳለህ ትራክተር ትነዳ አልነበር?"

"ኤጄ፣ እኔ እኮ ኃላፊ ነኝ!"

"ጥሩ፤ ኃላፊነቱን ውሰድ።"

ኩባን ክራቫቱን ፈትቶ ነዳ። በመጀመሪያው ቀን ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ቦይ ውስጥ ገባ። በሁለት ፈረስ ሲጎተት ሕዝቡ ሁሉ ወጥቶ አየው፤ እንዲያ ያለ ትርዒት በነጻ አይገኝም። በሦስተኛው ቀን ግን ማንም ያልጠራው ቶክቶራሊ ከቤቱ ወርዶ በትራክተሩ ደረጃ ላይ ተንጠለጠለ። "ማርሹን አታስጩኸው" አለው። "እንደ ፈረስ ነው፤ አታስደንግጠው።" ከዚያ ቀን ጀምሮ አርባው እስኪሞላ በየጠዋቱ አጠገቡ ተቀምጦ አብሮት ወጣ። ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጡረታ ወጥቷል። ደመወዝ ሊቆርጡለት ቢሉት እጁን አወናጨፈ።

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ለሻይ ቅጠል ሱቅ ገባ። እነዚያው ወንዶች እዚያው ምድጃ ዙሪያ ናቸው። አንዱ "ኢልቺቤክ ዛሬ ዳይፐር ሲያሰጣ አየሁት፤ አቤት ሲያምርበት!" አለ። ሳቁ። ቶክቶራሊ የሻይ ቅጠሉን ከባለ ሱቋ ተቀብሎ ወደነሱ ዞረ።

"እኔም ፈቃድ ጠይቄ ነበር" አለ። "ሳቁብኝ። አፍሬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ልጄን ቀበርኩ። እንግዲህ እናንተም ሳቁ።"

ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።

ይህን ለዙራካን የነገረቻት ባለ ሱቋ ናት፤ እሱ አልነገራትም። ወንዶቹ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሲሳለቁ አልተሰሙም፤ እንዲያውም አንደኛው አንድ ጆንያ ድንች ተሸክሞ ኢልቺቤክ ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ዙራካን ያን ዕለት ቤት ስትገባ ቶክቶራሊ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ጓንቱን ይሰፋል። ሻይ ቀድታ አጠገቡ አስቀመጠችና ተቀመጠች። እሱም ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሣ፣

"ቤክቱር ዘንድሮ ሃያ ስድስት ዓመቱ ይሆን ነበር" አለ።

"አዎ" አለች። "እሱም ትራክተር ይወድ ነበር ይሆናል።"

"አንቺን ከመሰለ መጽሐፍ ይወዳል።"

ስለ ልጃቸው እንዲህ ሲጨዋወቱ ሻዩ ቀዘቀዘ። ዙራካን በኋላ ለእህቷ ስትናገር፣ ከላይ ከመጣው ወረቀት ሁሉ እቤቷ ድረስ የገባው ያ ብቻ እንደሆነ ነገረቻት።

መጋቢት ላይ ኢልቺቤክ ወደ ትራክተሩ ተመለሰ። ሚስቱ ድናለች፤ መንቶቹም ወፍረዋል። በዚያው ወር የትምህርት ቤቱ የሒሳብ መምህር ግማሽ ጎናቸው የማይንቀሳቀስ አባቱን ለማስታመም ፈቃድ ጠየቀ፤ ማንም አልሳቀም። ጎተራው በግንቦት ጣሪያ አገኘ። ሴቶቹ በሱፉ ላይ የፈላ ውኃ እያርከፈከፉ፣ በሸምበቆ ጠቅልለው፣ እየዘፈኑ ይረግጡታል። ሻርሼን ከወዲያ በእንፋሎት የለሰለሰ አኻያ በጉልበቱ ላይ እያጎበጠ ይጮኻል፤ "ቀስ! አጥንት አይደለም የምትሰብሩት!" ዙራካን ልትጎበኝ ስትሄድ ወደ ጥግ ስቦ በጆሮዋ አንሾካሾከ። "ያቺ ጉልዳና ከኔ ይልቅ አስተካክላ ታጎብጣለች። እንዳትሰማ ብቻ፤ ትታበያለች።" በሰኔ ማለቂያ የመጀመሪያው ድንኳን በኳስ ሜዳው ላይ ቆመ። ሰይልካን ገብተው መሐሉ ላይ ተቀመጡና እስኪመሽ አልወጣም አሉ።

በሚቀጥለው ጥቅምት በጀቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነበብ አዳራሹ አልበቃ ብሎ ስብሰባው ደጅ ወጣ። አሁን የሚጠይቁት ሰይልካን ብቻ አይደሉም። እረኛው ስለ አሸዋው ይጠይቃል፤ ባለ ሱቋ ስለ ከሰሉ ዋጋ ትከራከራለች፤ ጉልዳና የእንጨቱን መግዣ ሁለት ጊዜ አስደመረቻት። የዙራካን ረቂቅ አንዴ ተመለሰ፤ ተስተካክሎ ቀረበ፤ እንደገና ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ኩባን ክፍሏ ገብቶ አዘነላት።

"ኤጄ፣ ገደሉዎት እኮ። ድሮ ባንድ ጠዋት ያልቅ የነበረ ሥራ! እርስዎም ደንቡን መጥላት ጀመሩ አይደል?"

ዙራካን አዲስ ወረቀት አውጥታ እያስተካከለች ቀና አለች። ጣቶቿ በቀለም ጠቁረዋል።

"ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጽፍ ያነበበኝ ሰው አልነበረም" አለችው። "ተዋቸው፣ ይጠይቁ። አንተ ይልቅ ያንን የከሰል ደረሰኝ ፈልግልኝ፤ ባለ ሱቋ ከምሳ በፊት እመጣለሁ ብላለች።"